ኮሎኔል ሃስኬት ጠላት የሆኑበት ሳምንት

በሰኔ መጀመሪያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ላይ ሎሚ የሚያካክል በረዶ ወረደ። እንዲህ ያለው በረዶ ሲመጣ የከተማው ሰው ከራሱ ይልቅ ለመኪናው ይሳሳል፤ መንገድ ላይ የነበረው ሁሉ ጣራ ፍለጋ ተበተነ። ጡረተኛው ኮሎኔል ቨርሊን ሃስኬትም ፒካፓቸውን ነድተው አንድ ነዳጅ ማደያ ጣራ ሥር ገቡ። ወዲያው ከኋላቸው አንዲት ትንሽ መኪና ደረሰች፤ ቦታ ስላልነበረ ግን የኋላዋን በረዶው እየደበደበው ቆመች። ኮሎኔሉ ይህን በመስተዋት አይተው ወደፊት ጠጋ አሉላት። ሾፌሯ ልታመሰግናቸው ወርዳ ወደ መስኮታቸው መጣች። የአሜሪካን የጠፈር ኃይል የደንብ ልብስ የለበሰች፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ አጥብቃ ያሰረች፣ የሻለቃ ማዕረግ ያላት ሴት ነበረች።

ሴትዮዋ ኮሎኔሉን ገና ስታያቸው አወቀቻቸው። የምታገለግልበትን የሳተላይት ጓድ ከብዙ ዓመት በፊት ያቋቋሙትና የመሩት እሳቸው ነበሩ፤ ፎቶግራፋቸውም በጦር ሰፈሩ መግቢያ ላይ ተሰቅሏል። እጇን ዘርግታ ኮሪን ታፎያ እንደምትባል ነገረቻቸው። ኮሎኔሉ እጇን እንደያዙ ቀሩ። ስሟን በጡረተኛ መኮንኖች ማኅበር ስብሰባ ላይ ደጋግመው ሰምተውታል።

«ያቺ ቤቴን የምታፈርሰው ታፎያ አንቺ ነሽ?» አሏት።

«እኔ ነኝ ጌታዬ። አሁን ሲያውቁኝ ደግሞ ወደ በረዶው እንዳይመልሱኝ» አለች።

ኮሎኔሉ መሳቅ አልፈለጉም፤ ግን ሳቁ። በሩን ከፍተው አጠገባቸው እንድትቀመጥ ጋበዟት። በረዶው ጣራውን እንደ ከበሮ ይመታው ስለነበር ሁለቱም እየጮኹ ነው የሚነጋገሩት፤ ከውጭ የሚያያቸው ሰው የተጣሉ ይመስለው ነበር። በእርግጥም የሚያጣላ ጉዳይ ነበራቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ጦር ሰፈር ሳተላይት የሚነዱት ሰዎች በአንድ አለቃ ሥር ናቸው፤ የባላጋራን ሁኔታ የሚከታተሉት የመረጃ ሰዎች በሌላ አለቃ ሥር፤ የኮምፒውተሩን መረብ ከሰርጎ ገብ የሚጠብቁት ደግሞ በሦስተኛ። ሁሉም በሥራው ጎበዝ ነው፤ ያየውን የሚናገረው ግን ለየራሱ አለቃ ነው። ሳተላይት ነጂዎቹ ደግሞ ዓመት እስከ ዓመት ፈረቃ ላይ ናቸው፤ አንዱ ሲነሳ ሌላው ይቀመጣል፤ ወንበሩ አይቀዘቅዝም። ሻለቃ ታፎያና ባልደረቦቿ ያቀረቡት እቅድ ይህን አሠራር የሚለውጥ ነበር። ሦስቱ ወገኖች በአንድ አዛዥ ሥር፣ በአንድ ክፍል ይቀመጡ፤ ሰዎቹም በየተራ ከፈረቃ እየወጡ፣ ሌላ ሥራ ሳይሰጣቸው፣ ባላጋራን የሚያጠኑበትና ውጊያ የሚለማመዱበት ወራት ይኑራቸው የሚል። እቅዱ ከጸደቀ ኮሎኔሉ ያቋቋሙት ጓድ ሰንደቁ ተጠቅልሎ፣ ሰዎቹ በአዲሱ ክፍል ይደባለቃሉ። ሁለት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከዋሽንግተን የምክር ቤት አባላት መጥተው በከተማው አዳራሽ አስተያየት ሊሰሙ ነው። የጡረተኞቹ ማኅበር ደግሞ ተቃውሞውን እንዲያሰሙለት የመረጠው ኮሎኔል ሃስኬትን ነበር። እሳቸው በዚያ ከተማ ሲናገሩ ሰው ያዳምጣል።

ኮሎኔሉ ንግግሩን ለአዳራሹ አላቆዩትም፤ እዚያው ለሻለቃዋ ጀመሩላት። የእነሱ ሥራ ወታደራዊ ቢሆንም እንደ መብራትና እንደ ውኃ ያለ መሆኑን አስረዷት። ባሕር ላይ ያለው መርከበኛ፣ በረሃ ውስጥ ያለው እግረኛ፣ በበጋ ደን ሲቃጠል ተራራ የሚወጣው እሳት አጥፊ ሬዲዮውን ሲያነሳ መስመሩ መኖር አለበት፤ መስመሩ የሚኖረው ደግሞ አንድ ሰው ሌት ተቀን ወንበሩ ላይ ስላለ ነው። እሳቸው በመሩበት ዘመን መስመሩ ተቋርጦ አያውቅም። ያንን ሰው ከወንበሩ አስነስቶ የጦር ጨዋታ ማስጫወት ለእሳቸው ቧልት ነው።

ሻለቃዋ በትዕግሥት ሰማቻቸው። ከዚያ ጥያቄ ጠየቀቻቸው።

«በእርስዎ ጊዜ ከባዱ ጠላታችሁ ማን ነበር ጌታዬ?»

ኮሎኔሉ ትንሽ አሰቡና «ብርድ፣ አሮጌ ኮምፒውተርና ዋሽንግተን» አሉ።

«አዩ? ከሦስቱ አንዱም እናንተን ቁጭ ብሎ አያጠናም ነበር። ዛሬ ግን ቤጂንግም ሞስኮም ሥራቸው እኛን ማጥናት የሆነ ጎበዝ ሰዎች አሏቸው። መቼ ፈረቃ እንደምንቀይር፣ ምን ሲበላሽ ለማን እንደምንደውል ሳያስቡበት አይቀሩም። እኛ ስለነሱ እንድናስብ ጊዜ የሚሰጠን የለም፤ ፈረቃ ላይ ነን።»

«ለጠብ የተዘጋጀ ሰው ጠብ አያጣም» አሉ ኮሎኔሉ። «ሰማዩ ሰላም ነው። እናንተ ናችሁ የጦር ሜዳ የምታደርጉት።»

«እኔ ጠብ አልወድም። ሦስት ልጆች አሉኝ፤ ጠቡ እቤት ይበቃኛል። የምንዘጋጀው እንዳይሞክሩን ነው። አይሳካልኝም ብሎ ያመነ ሰው አይጀምርም፤ ቤቱ ክፍት መሆኑን ያየ ግን አንድ ቀን ይገባል።»

«ቤቱ ክፍት አይደለም።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

ኮሎኔሉን ይህ ጥያቄ አስቆጣቸው። ሰው በእጁ ያቆመው ነገር ሲነካበት ቁጣው ከምክንያቱ ይቀድማል፤ እሳቸውም መልስ ከመስጠት ይልቅ ፊታቸውን ወደ በረዶው አዞሩ። በረዶው እየሳሳ ነበር። ሻለቃዋ ልትወርድ በሩን ከፍታ እንደገና ዘጋችው። ድንገት የመጣላት ሐሳብ ፊቷን አብርቶታል።

ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ሁለት የጦር ጨዋታዎች ሊካሄዱ ተዘጋጅተው ነበር፤ አንዱ በአሮጌው አደረጃጀት፣ ሌላው በአዲሱ። የጠላትን ወገን ሊመራ የነበረው መኮንን ከብስክሌት ወድቆ እግሩን ሰብሯል። ኮሎኔሉ ደግሞ በአማካሪነት ስለቆዩ እስካሁን የመግቢያ ፈቃድ አላቸው።

«ጠላት ይሁኑልን» አለቻቸው። «ያንን ቤት ከእርስዎ የተሻለ የሚያውቀው የለም። መጀመሪያ አሮጌውን አሠራር ይምቱት። ካቃተዎት አዳራሹ ውስጥ ከጎንዎ ቆሜ ተሳስቼ ነበር እላለሁ።»

«ካላቃተኝስ?»

«ያዩትን ይናገራሉ። ሌላ ነገር አልጠይቅዎትም።»

ኮሎኔሉ አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጡ፤ በሁለቱም ጨዋታዎች ሰዎቹም መሣሪያዎቹም እነዚያው ይሁኑ፤ የሚለወጠው አቀማመጡና አሠራሩ ብቻ ይሁን። ለአዲሱ ቤት ጎበዝ መርጠው፣ ለአሮጌው ደካማ ትተው እንዳያታልሏቸው ነው። ሻለቃዋ ተስማማች። ተጨባበጡና ተለያዩ።

ባለቤታቸው ሎርና ይህን ስትሰማ ድንች መላጧን አቁማ ሳቀች። «ዕድሜህን ሙሉ ያንን ቤት ስትጠብቅ ኖረህ አሁን ልትዘርፈው ነው?» አለቻቸው። ሃስኬት ግን አልሳቁም፤ ሥራ ይዘዋል። ቅዳሜና እሑድ ከከተማው ዳር ባሉት ቀይ ዐለቶች መካከል ብቻቸውን እየተራመዱ እንደ ጠላት አሰቡ። መጀመሪያ ከበዳቸው። ቀጥሎ ግን አንድ ነገር ተከፈተላቸው፤ ሰው የገዛ ቤቱን በር ከውጭ ቆሞ ሲያየው የማያውቀው ቤት ይሆንበታል። ማን ለማን እንደማይናገር ያውቃሉ። የትኛው ወሬ እስኪደርስ የምሳ ሰዓት እንደሚያልፍ ያውቃሉ። ልባቸው እንደ ልጅ ልብ መታ። እሑድ ቤት ሲገቡ ሎርና ፊታቸውን አይታ ትኩሳት አለህ ወይ ብላ ግንባራቸውን ዳሰሰች።

ማክሰኞ ጠዋት ጨዋታው ተጀመረ። ሁሉም ነገር በኮምፒውተር ውስጥ ነው፤ ሰማይ ላይ ያለ እውነተኛ ሳተላይት አይነካም። ኮሎኔሉ በአንድ ክፍል ከሁለት ረዳቶች ጋር ተቀመጡ፤ ተከላካዮቹ ደግሞ እንደ ዘወትሩ በየሕንፃቸው። የኮሎኔሉ ዓላማ ከጓዱ ሳተላይቶች ትልቋን መያዝ ነው።

ሦስት ትንንሽ ነገሮች አደረጉ። በመጀመሪያ የምድር ጣቢያውን ሬዲዮ በስሱ አወኩት፤ ፀሐይ ስትናወጥ የሚደርሰው ዓይነት ሁከት እንዲመስል አድርገው። ቀጥለው በጥገና ሠራተኞች ስም የሐሰት መልእክት ወደ ኮምፒውተሩ መረብ ላኩ። በመጨረሻም የራሳቸውን አንዲት ትንሽ ሳተላይት፣ አላፊ አግዳሚ መስላ፣ ቀስ እያለች ወደ ትልቋ እንድትጠጋ አደረጉ። ከሦስቱ አንዱም ብቻውን ጥቃት አይመስልም።

ከዚያ ጠበቁ። የሚያስቆማቸው አልመጣም። ትንሿ ሳተላይት ተጠጋች፣ ተጠጋች፣ ከትልቋ ጎን ቆመች፣ ክንዷን ዘርግታ ያዘቻት። ዳኛው ጨዋታው ማለቁን ሲያስታውቅ ገና ምሳ ሰዓት አልደረሰም። ረዳቶቹ አጨበጨቡ። ኮሎኔሉም ከወንበራቸው ተነስተው እጃቸውን ወደ ላይ ወረወሩ። ከጡረታ በኋላ እንዲህ ያለ ደስታ አግኝቷቸው አያውቅም። ደስታው ግን እጃቸው ወደ ታች ሳይመለስ ቀዘቀዘ፤ ያሸነፉት ማንን እንደሆነ ትዝ አላቸው።

ከምሳ በኋላ ሁሉም ተሰብስቦ የሆነውን ተናገረ። ሳተላይት ነጂው መቶ አለቃ ብሬንት ኦስትለር ሁከቱን ወዲያው አይቶት ነበር፤ የፀሐይ ነገር ነው ብሎ ለጥገና ክፍል አመለከተ። የመረብ ጠባቂዎቹ የሐሰቱን መልእክት ይዘው አጥፍተውታል፤ ሥራችንን ሠራን ብለው ተደስተዋል። የመረጃ ክፍሏ ሃምሳ አለቃ ኤስቴል ዊትኮም ደግሞ እንግዳይቱ ሳተላይት እየተጠጋች መሆኗን ከጠዋት ጀምራ አውቃ፣ ለአለቃዋ ጽፋ ልካለች። ጽሑፉ በማግስቱ ስብሰባ ሊነበብ ተራውን ይጠብቅ ነበር።

ኮሎኔሉ ወደ ሃምሳ አለቃዋ ዞሩ። «ታዲያ ለምን ለኦስትለር አልነገርሽውም?»

«አላውቀውም ጌታዬ» አለች። «ዛሬ ገና ማየቴ ነው። ነጂዎች ጋ በቀጥታ መደወልም ክልክል ነው።»

ክልከላውን ኮሎኔሉም ያውቁታል። በእሳቸው ጊዜ ወሬ የሚወድ ሁሉ እየደወለ ነጂዎቹን ሥራ ያስፈታ ስለነበር ተገቢ ደንብ ነበር። አሁን ሦስት ጎበዞች አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው እርስ በርስ ሲተያዩ አዩ። እያንዳንዱ የእውነትን አንድ ቁራጭ ይዞ ውሏል፤ የሚያጋጥመው ጠፍቶ ተሸነፉ። ኦስትለር አንገቱን ደፍቷል። ኮሎኔሉ ትከሻውን ነካ አድርገው ጥፋቱ ያንተ አይደለም አሉት። ሻለቃ ታፎያ ከጥግ ሆና ይህን አይታለች፤ አላልኩዎትም ወይ አላለችም። ጨዋነቷ ከክርክሯ ይልቅ ኮሎኔሉን ነካቸው።

ሁለተኛው ጨዋታ ለሚቀጥለው ሰኞ ተቀጠረ። የምክር ቤቱ ስብሰባ በዚያው ሳምንት ረቡዕ ነው። በመካከሉ ኮሎኔሉ እነኦስትለር ከፈረቃ ተነስተው የማክሰኞውን ጨዋታ እያጠኑ መሆናቸውን ሰሙና ለሻለቃዋ ደውለው ተቆጡ። ሁሉም ነገር እኩል ይሁን ብለን አልነበረም ወይ አሏት።

«ይኸው እኮ ነው የእቅዱ ግማሽ» አለቻቸው። «ሰዎቹ እነዚያው ናቸው፤ መሣሪያውም ያው። የጨመርንላቸው የማሰቢያ ጊዜ ነው። እርስዎ ቅዳሜና እሑድ ስለነሱ ሲያስቡ አልነበረም?»

ኮሎኔሉ ስልኩን ዘግተው ለሎርና ይህቺ ልጅ አፍ አላት አሉ። ሎርናም አንተን የሚመልስ ሰው በመጨረሻ ተገኘ አለቻቸው።

ሰኞ ኮሎኔሉ አዲስ ዘዴ ይዘው መጡ። አሁን ትልቋን ሳተላይት አልፈለጓትም፤ የፈለጉት ከጎኗ ያለችውን አንዲት አሮጌ ሳተላይት ነው። ሬዲዮውንም አላወኩም። ትንሿ ሳተላይታቸው ከፀሐይ በኩል፣ የተከላካዮቹ ካሜራ በሚታወርበት አቅጣጫ እንድትመጣ አደረጉ። ከዚያም በጥገና ሠራተኞች ስም በጣም አምሮ የተጻፈ ትእዛዝ ላኩ፤ አሮጌዋን ሳተላይት ለፍተሻ ገልብጣችሁ አዙሯት የሚል። ከዞረች ጀርባዋ ይገለጣል፤ ለመያዝ ትመቻለች።

ትእዛዙ ከተላከ በኋላ ኮሎኔሉ ወደ ስክሪኑ ተጠግተው አፈጠጡ። አሮጌዋ ሳተላይት ቀስ ብላ መዞር ጀመረች። ረዳቶቹ ተቃቀፉ። ኮሎኔሉ ትንሿን ወደፊት አዘዟት። ዝግ ብላ ቀረበች፤ ክንዷን መዘርጋት ጀመረች። በዚህ ጊዜ ዳኛው ድምፁን ጠርጎ ተናገረ፤ ሌላ የተከላካዮች ሳተላይት ከኋላ ዞራ መጥታ ትንሿን ከነምልክቷ ፎቶግራፍ አንስታለች፤ ፎቶግራፉ ለዓለም ሁሉ ተሠራጭቷል፤ አጥቂው ወገን እጅ ከፍንጅ ተይዟል። ጨዋታው አበቃ።

ኮሎኔል ሃስኬት ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱትና «አዞሯት እኮ» አሉ። «አውቀው ነው ያዞሯት። ለእኔ ማጥመጃ ነው ያዞሯት።» ፊታቸው በርቷል። ረዳቶቻቸው ተሸንፎ እንዲህ የሚደሰት ሰው አይተው አያውቁም። ኮሎኔሉ ሳይጠሩ ወደ ተከላካዮቹ ክፍል በፈጣን እርምጃ ሄዱና እንዴት አወቃችሁ ብለው ጠየቁ።

ሁሉም በአንድ ጊዜ ሊነግሯቸው ሞከሩ። በአንድ ክፍል፣ ወንበር ለወንበር ተጠጋግተው ነበር የተቀመጡት። ኦስትለር የፍተሻው ትእዛዝ ሲደርሰው ወደ ጎን ዞሮ የመረብ ጠባቂውን ይህ እውነት ከጥገና ሰዎች ነው ወይ አለው። ጠባቂው አነበበውና የጥገና ሰዎች እንዲህ አሳምረው አይጽፉም አለ። ዊትኮም ይህን ከኋላ ሆና ሰማች። ሳምንቱን ሙሉ የኮሎኔሉን አካሄድ ስታጠና ሰንብታ አንድ ነገር ልብ ብላ ነበር።

«እርስዎ አንድን ነገር ብቻውን አያደርጉም ጌታዬ» አለቻቸው። «በአንድ በኩል ካሳዩን በማናይበት በኩል እየመጡ ነው። የማናይበት ደግሞ ከፀሐይ ወገን ነው። እዚያ ፈልጉ አልኩ።»

አዛዥ ሆና የተቀመጠችው ሻለቃ ታፎያ የሦስቱንም አፍ በአንድ ጊዜ ሰማች። የማንንም ፈቃድ መጠበቅ አላስፈለጋትም። ያመናችሁ መስላችሁ አዙሯት፣ ሌላዋን ከኋላ ላኩ አለች። ቡና በሚቀዳበት ጊዜ ውስጥ ሁሉም ነገር ተወሰነ።

ኮሎኔሉ የሁሉንም እጅ ጨበጡ። ኦስትለር አንገቱን ቀና አድርጓል። ከዚያ ግን የኮሎኔሉ ዓይን ግድግዳው ላይ ካለው ትልቅ ስክሪን ላይ ቆመ፤ ፊታቸው ተለወጠ።

«አሮጌዋን ስታዞሯት በእሷ በኩል የሚነጋገረው ማን ነበር?» አሉ።

ኦስትለር ስክሪኑን ፈተሸ። በጨዋታው ውስጥ በምዕራብ ተራሮች ደን ተቃጥሎ የሚዋጉ እሳት አጥፊዎች በዚያች ሳተላይት ነበር የሚነጋገሩት። ሳተላይቷ ስትዞር መስመራቸው ተቋርጧል። ወደ ትልቋ ሊያሻግራቸው ያሰበ አልነበረም።

«ሌባውን ይዛችሁ ባለቤቱን ጣላችሁ» አሉ ኮሎኔሉ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረውም። «እኔ ስለ ወንበሩ ስጮህ የነበረው ይህን ብዬ ነው።»

የሻለቃ ታፎያ ፊት ቀላ። ልትከራከር ትችል ነበር፤ ጨዋታ ነው፣ ማሸነፋችንን አሸንፈናል ልትል ትችል ነበር። አላለችም። ልክ ነዎት አለች። እዚያው በቆሙበት፣ ጠላት መጣ አልመጣ ሥራው ከታች ስላሉት ሰዎች ማሰብ ብቻ የሆነ አንድ ሰው ከአዛዡ አጠገብ እንዲቀመጥ፣ ይህም በእቅዱ ውስጥ እንዲገባ ወሰነች። የተማረ ሰው የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው፤ ትክክለኛ ነገር ከተቃዋሚው አፍ ሲወጣ ከራሱ አፍ የወጣ ያህል ይቀበለዋል።

ማምሻውን ሁለቱ በጦር ሰፈሩ ምግብ ቤት የፑዌብሎ ቃሪያ ወጥ የፈሰሰበት በርገር ይዘው ተቀመጡ። ሻለቃዋ ቃሪያው የትውልድ ከተማዋ የፑዌብሎ ምርት መሆኑን አውርታ ኮሎኔሉ ዓይናቸው እስኪያነባ ድረስ እንዲጨምሩ አደረገቻቸው። ከዚያ ኮሎኔሉ የሆዳቸውን ተናገሩ።

«እኔን የሚያሳስበኝ ሰንደቁ አይደለም» አሉ። «አብረውኝ የሠሩ ሰዎች አሉ። የገና በዓል በመጣ ቁጥር ከልጆቻቸው ተለይተው ያንን ወንበር ያሞቁ ነበር። ቤቱ ሲፈርስ የሠራነው ስሕተት ነበር ወይ ይሉኛል።»

«ስሕተት አልነበረም» አለች ታፎያ። «የሠራችሁት ሰማዩ ላይ ሌላ ሰው ላልነበረበት ዘመን ነው፤ ለዚያ ዘመን ትክክል ነበር። አሁን ሰው አለበት። መንገዱ ባዶ ሳለ ያለ ፍሬን የነዳ ሾፌር አላጠፋም፤ መኪናው ሲበዛ ግን ፍሬን ይገጠማል።»

«እኛማ ፍሬን ነበረን» አሉ ኮሎኔሉ አፋቸውን እየጠረጉ። «ያጣነው የመኪናውን መሪ ነው። ምሳሌሽን አስተካክዪ።» ሁለቱም ሳቁ።

ረቡዕ አዳራሹ ሞላ። የማኅበሩ ሽማግሌዎች የሚያብረቀርቅ ጫማ አድርገው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ ኮሎኔላቸው እቅዱን ብትንትኑን ሲያወጡት ሊሰሙ ነው የመጡት። ኮሎኔሉ ተነሱ። እዚህ የመጣሁት እቅዱን እንድቃወም ተመርጬ ነው፤ ባለፈው ሳምንት ግን የራሴን ቤት ምሳ ሳልበላ ሰረቅሁት ብለው ጀመሩ። ከፊት ያሉት ሽማግሌዎች እርስ በርስ ተያዩ።

ከዚያ ምንም ሳይደብቁ ተረኩላቸው። የመጀመሪያውን ጨዋታ ተናገሩ፤ የሁለተኛውን ሲናገሩ ድምፃቸው ሳያስቡት ከፍ ብሎ፣ እጃቸው የሳተላይቶቹን ዙረት እያሳየ ሄደ። አዳራሹ ተመስጦ ሰማቸው። ከምክር ቤቱ አባላት አንዷ አቋረጠቻቸው። ይህ ዝግጅት ከቻይናና ከሩሲያ ጋር ያለውን ፉክክር አያባብስም ወይ ስትል ጠየቀች።

ኮሎኔሉ ነዳጅ ማደያው ውስጥ ያነሱትን የራሳቸውን ክርክር ከሌላ ሰው አፍ ሲሰሙ ፈገግ አሉ።

«እመቤቴ፣ እኔ ጠላት ሆኜ አይቼዋለሁ» አሉ። «መጀመሪያው ቀን ያጠቃሁት ስለጠላኋቸው አይደለም፤ በሩ ክፍት ስለነበረ ነው። ሁለተኛው ቀን ምንም አልሰበሩብኝም፣ አንድ ጥይት አልተኮሱም። ፎቶ አንስተው አጋለጡኝ፤ አለቀ። ዛሬ እንደገና አጥቃ ብትሉኝ ከመነሳቴ በፊት ሁለት ጊዜ አስባለሁ። እኔ የፈለግሁት እዚያ ማዶ ያለውም ሰው እንደኔ ሁለት ጊዜ እንዲያስብ ነው።»

ቀጥለው ጥቅሙን ዘርዝረው አስረዱ። ሦስቱ ወገኖች በአንድ አዛዥ ሥር ሲሆኑ ያየ ላላየው ለመናገር ደብዳቤ አይጽፍም፤ አንገቱን ማዞር ይበቃዋል። ከፈረቃ የወጣው ሰው ባላጋራውን ሲያጠና ቆይቶ ሲመለስ፣ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው የስክሪኑን መብራት የሚቆጥር ሳይሆን መብራቱ ለምን ብልጭ እንዳለ የሚጠይቅ ሰው ይሆናል። አዛዡ ውሳኔውን እዚያው ስለሚሰጥ ወሬው በየደረጃው ሲወጣ ሲወርድ ጊዜ አይባክንም። ከአዛዡ አጠገብ ያለው አዲሱ ሰው ደግሞ መርከበኛውንና እሳት አጥፊውን አይረሳም፤ ይህን የጨመርኩት እኔ ነኝ ብለው ኮሎኔሉ በኩራት ተናገሩ። በመጨረሻም ወደ ማኅበሩ ሽማግሌዎች ዞረው፣ እኛ ያቆምነው መስመሩ እንዳይቋረጥ ነው፤ ዛሬ መስመሩ የማይቋረጠው ቤቱን ስንለውጠው ከሆነ መለወጡ የእኛው ሥራ ቀጣይ ነው አሏቸው።

ከፊት መደዳ አንድ ሽማግሌ፣ ብዙ ዓመት የኮሎኔሉ ምክትል የነበሩ፣ ተነስተው ቆሙ። ሰው ሁሉ ይቃወማሉ ብሎ ጠበቀ። እሳቸው ግን የጠየቁት በሚቀጥለው ጨዋታ ጠላት የሚሆን ተጨማሪ ሰው ያስፈልግ እንደሆነ ነበር። አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተሞላ፤ ከኋላ ቆማ የነበረችው ሻለቃ ታፎያ ዓይኖቿን ስትጠርግ ያዩ አሉ።

እቅዱ ጸደቀ። ሰንደቁ በሐምሌ ተጠቀለለ፤ የአዲሱ ክፍል ሰንደቅም በዚያው ቀን ተዘረጋ። ኦስትለርና ዊትኮም አሁን የሚሠሩት ጎን ለጎን ነው። ጡረተኞቹ ደግሞ በየወሩ የሚገናኝ የራሳቸው የአጥቂ ቡድን አቋቋሙ፤ ወጣቶቹ እነዚህን ሽበታሞች ከማንም ይልቅ ይፈሯቸዋል።

አንድ ሰኞ ጠዋት ኮሎኔል ሃስኬት ቁርሳቸውን ቆመው እየበሉ ኮታቸውን ሲለብሱ ሎርና ወዴት ነው ብላ ጠየቀቻቸው።

«ላጠቃቸው» አሉ።

«እንዳያሸንፉህ ተጠንቀቅ።»

ኮሎኔሉ በሩን ከፍተው ወደ ጠራው ሰማይ ቀና ብለው ተመለከቱ።

«የምጨነቀው ካላሸነፉኝ ነው» አሏትና ወጡ።